ፍሪጅ የገባው በሬ

ፍሪጁ ሆሳዕና ከተማ የገባ ቀን ኮሌጁ ልጁን የሚድር ነበር የሚመስለው። ድንኳን ተጣለ፣ ባነር ተሰቀለ፤ ባነሩ ከፍሪጁ ይሰፋ ነበር። ከዞን እንግዶች መጡ፣ መጋቢ ተጠርተው ጸለዩ፣ "እኛስ?" እንዳይባል ቄስም ተጠርተው ጠበል ረጩ። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ነው፤ በዙሪያው ሦስት ወረዳ ቢፈለግ ወንድም እህት የለውም። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ቲቶ እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኙ ንግግር የማይሰስቱ ሰው ናቸውና፣ "ይህ ፍሪጅ የትጋታችን ፍሬ ነው" ብለው በሩን ከፈቱና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሁለት ጣታቸው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ለብ ያለ ውሃ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ሆነው ንግግራቸውን ጨረሱ። ፎቶው ግን አምሮ ወጣ።

ፍሪጁን ያስመጣችው ሐዳሳ ከኋላ ቆማ አጨበጨበች። ምን ታድርግ! ለዚያ ፍሪጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ደጅ ስትጠና ኖራለች። ባነሩ ላይ የዲኑ ስም ነበረ፣ የምክትሉ ስም ነበረ፣ የድንኳኑ አከራይ ስልክ ቁጥር እንኳ ነበረ። የእሷ ስም አልነበረም። "ቦታ ጠብቦ ነው" አሏት።

ሐዳሳ የላቦራቶሪ ተመራማሪ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ሆሳዕና ነው፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት። የምታጠናው በሽታ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፣ ሕመሙ ከስሙ ይረዝማል። ማሕፀን ውስጥ ብቻ መኖር የሚገባው ሽፋን ቦታውን ለቆ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ያገኘበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። በየወሩ እዚያው በበቀለበት ይደማል፤ ደሙ መውጫ ስለሌለው ያብጣል፣ አንጀት ከአንጀት ያጣብቃል። ከምን እንደሚነሳ ግን ቁርጡን የሚናገር የለም። የወር አበባ ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይፈሳል ይባላል። ይሁን፤ ግን ይሄ በብዙ ሴቶች ላይ ይደርሳል። የብዙዎቹ ገላ ጠርጎ ያጸዳዋል፣ የአንዳንዶቹ ገላ ዝም ብሎ ያየዋል። ለምን? ሐዳሳ የያዘችው ይቺን አንዲት "ለምን" ነበር። በቀዶ ሕክምና ከወጣው ቁራጭ ትንሽ ወስዳ፣ ሊጠርጉ የሚገባቸው ሴሎች ምን ነክቷቸው እንደተኙ ለማየት ነበር ልፋቷ።

ነገሩን ላየው ሰው፣ በከተማው ምክንያቱን የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል። አማት "ብርድ ነው" ትላለች። ጎረቤት "ዓይን ነው" ትላለች። የጸሎት ቡድኑ "መንፈስ ነው" ይላል። የፋርማሲው ልጅ "ጨጓራ ነው" ብሎ ሽሮፕ ይሰጣል። ወንዶቹማ ምክንያቱን ትተው መድኃኒቱን ነው የሚያውቁት፤ "ስትወልድ ይለቃታል።" አለመውለዷ ከዚያው በሽታ የመጣ መሆኑን የሚነግራቸው ሲገኝ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሐዳሳ ራሷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሻርፗን ነክሳ ፈተና የጻፈች ልጅ ናት። "ሴት ነሽ፣ ቻይው" አሏት፣ ቻለችው። እስከ ዛሬ ግን ተናዳለች፤ ጥናቱ የወጣው ከዚያ ንዴት ነው።

ጥናቱን የሚያጸድቅ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተሰየመ፤ ሰባቱም ወንዶች። አንዱ "እናቴ አሥራ አንድ ወልዳለች፤ ይሄ በሽታ እኛ አገር የለም" አሉ። ሌላው ከእንስሳት ሀብት ክፍል ጋር ቢቀናጅ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሦስተኛው ሰነዱን አገላብጠው ተሸማቀቁና "የወር አበባ የሚለው ይውጣልን፤ ወርሃዊ ሁኔታ ይባል" አሉ። እሱ ከወጣ በኋላ ተቃውሞ ጠፋ። በአሥራ አራት ወሩ ጸደቀ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሩጫ ሆነ። ቀዶ ሐኪሙ ሰይፈሥላሴ እንዲህ ያለች ሴት በመጣችለት ቁጥር ይደውላል፤ ሐዳሳ በረዶ የሞላ ሳጥኗን ይዛ በባጃጅ ትበራለች። ከሞርሲቶ የመጡ አሉ፣ ከፎንቆ የመጡ አሉ፣ ከዶዮገና ደጋ በሰው ትከሻ የወረዱ አሉ። በጠቅላላው አርባ አንድ ሴቶች፣ አርባ አንድ ብልቃጥ። ብልቃጧ የትንሽ ጣት ግማሽ ናት፤ ውስጧ ያለው ቁራጭ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ብልቃጧ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን የሚያውቁት ካርድ የተሰጣት ሴትዮና ሐዳሳ ናቸው። ሐዳሳ ደግሞ የማንንም ስም ለማንም ላትናገር ፈርማለች።

ሃያ ዘጠኝ ቁጥር ገነቴ ናት። ገነቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች፣ የመዘምራን አባል፣ ደግሞም የዶክተር ቲቶ ሚስት። አዎ፣ የዲኑ። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት፣ ልጅ የለም። አማቷ ከሞርሲቶ በመጡ ቁጥር ወገቧን በዓይናቸው ለክተው ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ በጉባኤ ፊት ቆማ ሆዷ ላይ እጅ ተጭኖባታል። በሦስተኛው "የተደበቀ ኃጢአት ካለ ተናዘዢ" ተባለች፤ አስባ አስባ ልጅ ሆና ከጎረቤት ጓሮ የሰረቀችውን አቮካዶ ተናዘዘች። ጉባኤው "አሜን" አለ። በሽታው ግን አሜን አላለም።

አምና ሕመሙ የጣላት ጊዜ ዶክተር ቲቶ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ነበሩ። የሥልጠናው ርዕስ "ሴቶችን ያካተተ አመራር" ነበር። እሳቸው እዚያ ሲካተቱ ገነቴ እዚህ ተቀደደች። ከሆዷ የወጣውን ሰይፈሥላሴ አሳያት። ባሏ ሲመለሱ ግን "ትርፍ አንጀት ነው" አለቻቸው። ምን ትበል? "ማሕፀን" የሚል ቃል ከሐኪም አፍ ወጣ ከተባለ፣ አማቷ ለልጃቸው ሌላ ሚስት ለመፈለግ ሳምንት እንደማይፈጅባቸው ታውቃለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ቲቶም ከእናታቸው እንደማያስጥሏት ዘጠኝ ዓመት አይታለች። እሳቸውም በማግስቱ እሁድ ስለ ትርፍ አንጀቱ ጉባኤ ፊት ምስክርነት ሰጡ፣ ዕልልታም ተደረገ።

ገነቴ ለጥናቱ ስትፈርም አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው።

"ፈውሺኝ አልልሽም፣ ሐዳስዬ። ምክንያቱን ስታገኚው ብቻ ንገሪኝ። የኔ ጥፋት እንዳልሆነ ከወረቀት ላይ ላንብበው።"

"እነግርሻለሁ" አለቻት ሐዳሳ። በአፏ ብቻ አልነበረም ያለችው።

አሮጌው ዓመት ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜን፣ ዕድል ፊቷን ወደ ሐዳሳ መለሰች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ላቦራቶሪ ሐዳሳ የሌላትን መሣሪያ ሊያውሳት ተስማማ። መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን አርባ አንዱን ብልቃጥ እንደበረዱ ይቀበላል፤ ከዚያ ካለፈ ወረፋው የሌላ ነው። ሐዳሳ መስከረም አሥራ አንድ የማጓጓዣ ሳጥኑን ልታመጣ ወደ አዲስ አበባ ተነሳች። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ለጥበቃው ለተረፈ ሰጠችው።

"ተረፈ፣ ይሄን በር እሳት ካልተነሳ በቀር ማንም እንዳይከፍተው።"

"እኔ ተረፈ ቆሜ?" አለ ደረቱን መትቶ። "ሂጂ፣ ሐሳብ አይግባሽ።"

እሷም እንዳላት ሐሳቧን ጥላ ሄደች። አይ ሐዳሳ! ያሆዴ መስቀል፣ የሐዲያ ዘመን መለወጫ፣ ደጃፍ ላይ መሆኑን ረስታ።

ያሆዴ ሲደርስ የኮሌጁ ሰው ቅርጫ ይገባል። ገጠር ወዳለ ወገኑ ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ወንዶች ሆነው በሬ ገዙ፤ ሰብሳቢያቸው የፋይናንሱ ኃላፊ አቶ ይበልጣል ነበሩ። አቶ ይበልጣል አባታቸው ከሰሜን በመምህርነት የመጡ ናቸው፤ በቅርጫ ጉዳይ ግን ከሐዲያም በላይ ሐዲያ ናቸው። በሬውን ፎንቆ ገበያ ራሳቸው መረጡት። ቀይ፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። መስከረም አሥራ አምስት ሊታረድ ግቢው ውስጥ ታሰረ።

ይኼ ግቢ ደግሞ ጉድጓድ አለው። ኮሌጁ ለላቦራቶሪው የፍሳሽ መስመር ብሎ ያስቆፈረው ነው፤ በሪፖርት ላይ "ተጠናቋል" ተብሎ ሁለት ጊዜ የተነበበ፣ መሬት ላይ ግን ሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ የኖረ። በዳሩ የበቀለው ሳር ለምለም ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ጧት በሬው ገመዱን በጥሶ ወደ ሳሩ ሄደና ሪፖርቱ ውስጥ ገባ። የፊት እግሩ ተሰበረ። ሳይሞት ቢላ ደረሰለት።

ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአባላቱ ግማሹ ለዓመት በዓል ገና በጧቱ ወደ ገጠር ወርዷል፤ የሚመለሰው በአሥራ አምስት ነው። በቅርጫ ሕግ ደግሞ አባል በሌለበት ሥጋ አይመደብም፣ ዕጣ አይጣልም። ፈጽሞ! በዚያ ኮሌጅ ሰው በሌለበት ዝውውር ይወሰናል። ሐዳሳ ፈቃድ በወጣችበት ሳምንት ቢሮዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ያውቃል። ሥጋ ግን ሰው በሌለበት አይከፈልም፤ ነውር ነው፣ የሚያስወቅስ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። በግቢው ጄኔሬተር ያለው ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው። አቶ ይበልጣል ዲኑን አዩ፣ ዲኑ አቶ ይበልጣልን አዩ። ዶክተር ቲቶም "የሀብት አጠቃቀም ይባላል" ብለው ተረፈን አስጠሩት።

መስከረም አሥራ አምስት ሐዳሳ አዲሱን ሳጥኗን ታቅፋ በጧት አውቶቡስ ተሳፈረች። ወራቤ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። የጄኔሬተር ሠራተኛው ኸይረዲን ነበር።

"የት ደርሰሻል፣ እህቴ?"

"ወራቤ። ምነው? ጄኔሬተሩ ተበላሸ እንዴ?"

"ኧረ ጄኔሬተሩማ ደህና ነው። እኔ እንግዲህ የናንተን እርድ ስለማልበላ ከቅርጫው የለሁበትም፤ ስለዚህ ማንንም አልፈራም፣ ልንገርሽ። ፍሪጅሽ ውስጥ በሬ ገብቷል።"

"ምን ገብቷል?"

"በሬ። ተበልቶ... ማለቴ፣ ተቆራርጦ። ሦስት ቀኑ። እኔ ሞኙ ናፍጣ የምሞላው ለጥናቱ መስሎኝ! ዛሬ ጧት አውጥተው በመጥረቢያ ሲፈልጡት ነው ያየሁት።"

"ብልቃጦቼስ? ኸይረዲን፣ ብልቃጦቼስ?"

"እሱን ወላሂ አላየሁም" አለ።

ከወራቤ ሆሳዕና ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ሾፌሩ ለዶሮ ቆመ፣ ለቆጮ ጭነት ቆመ፣ ለሰላምታ ቆመ። ሐዳሳ ባዶውን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ጸለየች። ለራሷ አልጸለየችም። ቁጥር በቁጥር ነው የጸለየችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች፤ እያንዳንዷን ሴት በፊቷ አውቃታለች። ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ እንባዋ ቀደማት።

ግቢው እንደገባች ላቦራቶሪው ዘንድ ሮጠች። ፍሪጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ደም ረግቶበታል። መደርደሪያዎቹ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ተረፈ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል፤ ሲያያት መጥረጊያውን ኋላው ደበቀ፣ ጥፋቱ መጥረጊያው ይመስል።

"ተረፈ፣ ምን ነበር ያልኩህ?"

"እሳት ካልተነሳ አትክፈት ብለሽኛል።"

"ታዲያ?"

"ዲኑ ናቸዋ፣ እህት ሐዳሳ! ዲኑ ከእሳት ያንሳሉ?"

"ብልቃጦቹ የት አሉ?"

"ሻይ ክፍሉ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬልሽ ነበር። በንጹሕ ፌስታል ነው፣ አፉን አስሬ። መብራት ስለሌለ ፍሪጁ ባይሠራም... ብቻ ፀሐይ አልነካቸውም። እስከ ዛሬ ጧት። ዛሬ አቶ ይበልጣል ወሰዷቸው።"

"ለምን ጉዳይ?"

ተረፈ መጥረጊያውን አውጥቶ ወለሉን መጥረግ ጀመረ።

"ለዕጣ።"

የቅርጫ ዕጣ እንደሚታወቀው ነው። ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ልክ ይመደባል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የዛፍ ቅጠል። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያኖራል፤ ምልክትህ ያረፈበት ያንተ ነው። በየዓመቱ ግን "ቅጠሉ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው" የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም። አቶ ይበልጣል ዘንድሮ መላ አገኙ፤ ቁጥር የተጻፈበት፣ ክዳን ያለው፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ ብልቃጥ ፌስታል ሙሉ! "እንዲህ ነው ምርምር ማለት!" አሉ አሉ። አሥራ ስድስቱ ወንዶች አንዳንድ ብልቃጥ አንስተው ቁጥራቸውን ያዙ። የተረፈው ሃያ አምስት በአቶ ይበልጣል ኮት ኪስ ገባ።

ሐዳሳ ወደ ጓሮ ስትወጣ ዕጣው ወድቆ አልቋል። የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ቅጠሉ ላይ አሥራ ስድስት መደብ ሥጋ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ መደብ አናት ላይ አንዳንድ ብልቃጥ ተሰክቷል፣ ፀሐይ ያበራበታል። ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሳሳቃሉ። ሥጋ ሊወስዱ የመጡ ሦስት አራት ሚስቶች ሳፋ ይዘው ዳር ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷ ገነቴ ናት።

"እህት ሐዳሳ!" አሉ ዶክተር ቲቶ ደምቀው። "እንኳን ደህና መጣሽ! ያ ፍሪጅሽ ጉድ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ ሽታ የሚባል የለውም።"

"ዶክተር፣ ብልቃጦቹ ቀልጠዋል።"

"የትኞቹ? እነዚህ? ኧረ አይዞሽ፣ አንድም አልጠፋም። ይበልጣል ቆጥሮ ነው የተረከበው።"

"አርባ አንድ" አሉ አቶ ይበልጣል ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው። "አልጎደለም።"

"ቀልጠዋል እኮ ነው የምለው። ተበላሽተዋል። የሁለት ዓመት ሥራ ነው። በአሥራ ዘጠኝ አዲስ አበባ ሊገቡ ነበር።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" ዲኑ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "እንደገና ይወሰዳላ። ሴት ጠፋ?"

ወንዶቹ ሳቁ። መጥፎ ሳቅ አልነበረም፤ የዓመት በዓል ሳቅ ነው፣ ሥጋ ያየ ሰው የሚስቀው።

"እንደገና አይወሰድም" አለች ሐዳሳ። "ክትባት አይደለም። ከሴት ሆድ በቢላ ተቆርጦ የወጣ ነው። ከነዚህ ውስጥ ማሕፀናቸው ጭራሽ የወጣ ሴቶች አሉ። ከየት ነው እንደገና የሚወሰደው?"

"ኧረ ምግብ ፊት!" አለ አንዱ መምህር ፊቱን አዙሮ። "እንዲህ ያለ ነገር ሥጋ ፊት ይወራል?"

ሐዳሳ ሳታስበው ገነቴን አየቻት። ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ፈርማለች፤ ልትናገር አትችልም። ዲኑን አንገታቸውን ይዛ "የሚስትህ ናት!" ብላ ብትጮህባቸው ደስ ባላት፤ ግን ከንፈሯን ነከሰች፣ ልክ በዘጠነኛ ክፍል ሻርፗን እንደነከሰችው። ባዶ ሳጥኗን ታቅፋ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ገነቴ ከሴቶቹ ተለይታ ወጣች። ሳፋዋን እንደያዘች ከመጀመሪያው መደብ ጀምራ ጎንበስ እያለች ቁጥሩን ታነባለች። ሦስት። አርባ። አሥራ ሁለት። ተማሪ የጻፈውን እንደምታርም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ስድስት ቁጥር ላይ ስትደርስ ዶክተር ቲቶ "እሱ ነው፣ የኛ እሱ ነው፣ ገነቴ! ጎድንም አለው" አሉ። አልፋው ሄደች። አሥራ አንደኛው መደብ ላይ ቆመች፣ ተንበረከከች፣ ብልቃጧን አነሳች፣ በቀሚሷ ጫፍ ስቡን ጠረገችላት።

"ኧረ ወይዘሮ ገነቴ!" አሉ አቶ ይበልጣል እየሳቁ። "ሃያ ዘጠኝ የኔ ዕጣ ነው። ዲኑ ስድስት ናቸው።"

"ተሳስተሻል፣ ገነቴ" አሉ ዶክተር ቲቶም። "ነገርኩሽ እኮ፣ ስድስት ነው።"

"አልተሳሳትኩም። ሥጋውን ይውሰዱት፣ አቶ ይበልጣል። ሃያ ዘጠኝ ግን የኔ ናት።" ከጡት መያዣዋ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለች ካርድ አወጣችና ለባሏ ዘረጋችላቸው። "ከሆዴ የወጣች ናት። አምና፣ አንተ ሐዋሳ እያለህ።"

ዶክተር ቲቶ ካርዱን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። እኚያ ንግግር የማይሰስቱ ሰው ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ትርፍ አንጀት... ትርፍ አንጀት አልነበረም እንዴ?"

"ትርፍ አንጀቴ እዚሁ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ጉባኤ ፊት የመሰከርክለት። ያመመኝ ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያመመኝ፣ እናትህ ወገቤን የሚለኩበት፣ አቮካዶ ያናዘዘኝ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሐዳሳ ልትነግረኝ ነበር።"

ወደ ሐዳሳ ዞረች።

"አሁንም ለጥናቱ ይሆናሉ እንዴ፣ ሐዳስዬ?"

ልትዋሻት ፈለገች። እውነት ለመናገር በጣም ፈለገች።

"አይሆኑም፣ ገነትዬ።"

ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ብልቃጧን ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ቀጣዩ መደብ አለፈች። የዚያንም አነሳች። ከዚያ የቀጣዩን። አንድም ሰው አልከለከላትም። አሥራ ስድስቱንም ለቅማ ስትጨርስ አቶ ይበልጣል ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ ከኮት ኪሳቸው ፌስታሉን አውጥተው ሰጧት።

"ቁጠሪያቸው" አለቻት ሐዳሳን። ሳፋውን ለሁለት ያዙት። ይበልጥ የከበደው የትኛዋ ጎን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ከኋላቸው አሥራ ስድስት ወንዶች አሥራ ስድስት መደብ ሥጋ ዙሪያ ቀሩ። ዝንብ መጣ። ምልክት የለ፣ ቁጥር የለ፤ የማን የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አቶ ይበልጣል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወይዘሮ ገነቴ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዕጣውን እኮ ወሰዱት። ታዲያ ይሄ ሥጋ እንዴት ይሁን?"

ገነቴ አልዞረችም።

"ምን ችግር አለው?" አለች። "እንደገና ይገዛላ። በሬ ጠፋ?"

ከአሥራ ስድስቱ አንድም አልሳቀም።